የባሕር ዳርቻው በለስ በደቡብ ካሊፎርኒያ ጓሮ፦ የአንድ ድርቅ ቻይ ተክል ግምገማ

በደቡብ ካሊፎርኒያ ያሉ ችግኝ ጣቢያዎች «ድርቅን ይቋቋማል» የሚል ምልክት ለጥፈው ከሚሸጧቸው ዕፅዋት መካከል በዚህ ጽሑፍ የምመዝነው የባሕር ዳርቻውን በለስ፣ ማለትም እሾሃማውን የካክተስ ዓይነት ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያው ኦፑንሺያ ሊቶራሊስ ሲሆን፣ ከሳንታ ባርባራ አካባቢ ጀምሮ በሎስ አንጀለስና በሳን ዲዬጎ በኩል እስከ ሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ ድረስ በተዘረጋው የሰላማዊ ውቅያኖስ ጠረፍና በአቅራቢያው ባሉ ደሴቶች ላይ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል የቦታው ተወላጅ ነው። ሳን ዲዬጎ በሚገኘው ጓሮዬ፣ ፀሐይ በሚበረታበት ተዳፋት ላይ፣ ለዓመታት አብቅዬዋለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው ተክሉን በዝናቡም በደረቁም ወራት እየተመላለስኩ ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ከውቅያኖሱ ብዙም ሳይርቅ ለሚኖርና ልጆች የማይሮጡበት ሰፋ ያለ፣ በተለይም ተዳፋት የሆነ ቦታ ላለው ሰው ይህ ተክል ከተከፈለበት ዋጋ በላይ ይሰጣል። ግቢው ጠባብ የሆነ ሰው ግን በነጻ ቢሰጡትም እንዲቀበል አልመክርም። በሁለቱ መካከል ላለው ሰው ውሳኔውን የሚወስነው አንድ ጉዳይ ነው፦ ተክሉን ውሃ የሚያጠጣው በየትኛው ወቅት እንደሆነ። ብዙ ገዢዎች ስለ መጠኑ ይጠይቃሉ፤ ስለ ወቅቱ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ሻጮችም ቢሆኑ ሳይጠየቁ አያስረዱም።

በመጀመሪያ ስለ ቁመናው። ቁመቱ በአብዛኛው ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ወደ ጎን ግን እየተጋደመና ሥር እየሰደደ ስለሚሄድ በጊዜ ብዛት የበርካታ ሜትሮች ስፋት ያለው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሆናል። በተለምዶ ቅጠል የምንለው ጠፍጣፋው አካሉ በእርግጥ ግንዱ ነው፤ እውነተኞቹ ቅጠሎች በፀደይ አዲስ ቡቃያ ሲወጣ በየእሾሁ ሥር እንደ ትንሽ ቀንድ ሹል ብለው የሚታዩትና ብዙም ሳይቆዩ የሚረግፉት አረንጓዴ ነገሮች ናቸው። አንባቢን ላለማደናገር ግን እኔም ጠፍጣፋውን አካል ከዚህ በኋላ ቅጠል እያልኩ እቀጥላለሁ። ቅጠሉ ሞላላ ነው፤ ቀለሙ ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ ሲሆን ረጃጅሞቹ እሾሆች ደግሞ ነጣ ያሉ ናቸው። ከሩቅ ሲያዩት የተለየ ውበት አለው ለማለት ይቸግረኛል። በየመንገዱ ዳር ካሉት የተቀጠቀጡ ድንጋዮችና ደረቅ ሣሮች ጋር ተመሳስሎ ስለሚኖር፣ ግቢውን ለእንግዳ ማሳያ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ሌላ ተክል ብመክር ይሻላል።

መግዛት ላይ የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ችግር የስም መምታታት ነው። በዚህ ጠረፍ ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት በለሶች ይገኛሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይዳቀላሉ። አንደኛው የምንነጋገርበት ነው። ሁለተኛው ኦፑንሺያ ኦሪኮላ የሚባለው ሲሆን፣ ቅጠሉ ክብ ለመሆን ምንም ያህል አይቀረውም፤ እሾሁ ቢጫ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይበልጥ ወደ ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ስፔናውያን ሚስዮናውያን ከሜክሲኮ አምጥተው በየገዳሞቻቸው ዙሪያ የተከሉት፣ እኛም በፍሬው የምናውቀው ትልቁ በለስ ነው፤ እርሱ ዛፍ ያህላል፤ ትልልቅ እሾህም ብዙ ጊዜ የለውም። አንድ ችግኝ ጣቢያ የዳርቻው በለስ ነው ብሎ የሸጠልኝ ችግኝ እያደገ ሲሄድ የትልቁ በለስ ዲቃላ መሆኑ ለየለት፤ ቅጠሉ ከሌሎቹ እጥፍ ሆነ፤ ቁመቱም አጥሩን አለፈ። ደውዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ሁሉም በለስ አንድ ነው» የሚል ነበር። አይደለም። ዝቅ ብሎ የሚሰፋ ተክል ለተዳፋት መያዣ የገዛ ሰው ወደ ላይ የሚመዘዝና በራሱ ክብደት የሚሰበር ተክል ሲደርሰው የገዛው ሌላ ዕቃ ነው። ስለዚህ የካሊፎርኒያን ተወላጅ ዕፅዋት ብቻ ከሚያባዙ ችግኝ ጣቢያዎች መግዛት የተሻለ ነው። በ1965 የተመሠረተው የካሊፎርኒያ ተወላጅ ዕፅዋት ማኅበር ካልስኬፕ በተባለው ድረ ገጹ ላይ እያንዳንዱ ተክል በተፈጥሮ የት እንደሚበቅልና የትኞቹ ችግኝ ጣቢያዎች እንደሚያቀርቡት ስለሚያሳይ፣ ከመውጣት በፊት እርሱን ማየት ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ውሃው እንግባ። «ድርቅን ይቋቋማል» የሚለው ሐረግ በዚህ አገር ገበያ ውስጥ ይበልጥ የተስፋፋው በ2015 ገዥው ጄሪ ብራውን በከተሞች የውሃ አጠቃቀም ላይ የ25 በመቶ ቅነሳ እንዲደረግ ካዘዙ በኋላ ነው። ብዙ ቤተሰብ ሣሩን ነቅሎ ድንጋይ አፈሰሰ፤ በድንጋዩ መካከልም ካክተስ ተከለ። የተተከለው ካክተስ ግን ብዙ ጊዜ ከአሪዞና ወይም ከሜክሲኮ በረሃ የመጣ ነበር፤ የበረሃ ካክተስና የባሕር ዳርቻ ካክተስ ደግሞ በቀን መቁጠሪያቸው አይገናኙም። ቱሶንና ፊኒክስ የሚገኙበት የሶኖራ በረሃ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት፤ አንደኛው የሐምሌና የነሐሴ ነጎድጓዳማ ዝናብ ስለሆነ፣ በዚያ የሚበቅለው ካክተስ ሙቀትና እርጥበት አብረው ሲመጡ ይደሰታል። የሳን ዲዬጎ ጠረፍ ግን በዓመት የሚያገኘው 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ሲሆን፣ እርሱም ከሞላ ጎደል የሚወርደው ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ቀዝቃዛ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል። በሜይና በጁን ከውቅያኖሱ የሚነሣው ዝቅተኛ ደመናና ጭጋግ ፀሐዩን ያለዝባል እንጂ አፈሩን አያርስም። የዳርቻው በለስ ሥርዓተ ሕይወቱን ያዋቀረው በዚህ አቆጣጠር ነው፦ በብርድ ይጠጣል፣ በሙቀት ይጾማል።

ይህን ጾም በውሃ ጎማ የሚያስፈታ ሰው የሚያተርፈው ጉዳት ብቻ ነው። በኦገስት ሙቀት በየሳምንቱ የሚጠጣ ተክል፣ በተለይ የሳን ዲዬጎ ሸክላማ አፈር ላይ ከሆነ፣ ሥሩ ሞቅ ባለ እርጥበት ውስጥ ስለሚቆይ ለመበስበስ ይጋለጣል፤ ባይበሰብስም እንኳ ቅጠሎቹ ከልክ በላይ ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፤ ከዚያም የራሳቸውን ክብደት መሸከም አቅቷቸው ከመገጣጠሚያቸው ይገነጠላሉ። በጎረቤቴ ግቢ የሣር ርጭት በሚደርስበት በኩል ያሉት ቅጠሎች ወፍራምና ገርጣ ያሉ ናቸው፤ ርጭቱ በማይደርስበት በኩል ያሉት ደግሞ ቀጭን፣ ጠንካራና በእሾህ የተሞሉ ናቸው። አንዱ ቁጥቋጦ ሁለት ተክል መስሎ ይታያል።

በደረቁ ወራት መጨረሻ፣ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር፣ ቅጠሉ ይሸበሸባል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ይደነግጣል፤ ቆሻሻ ውስጥ የጣለውም አለ። መሸብሸቡ ግን ተክሉ ያጠራቀመውን ውሃ እየተጠቀመ መሆኑን ከማመልከት ያለፈ ትርጉም የለውም፤ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በጣለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ እንደገና ይሞላል። ውሃ የሚቆጥበው ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎቹን ቀን ዘግቶ ሌሊት በመክፈት ነው። ሌሊት የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ ተከማችቶ ያድራል፤ በማግሥቱ ቀዳዳዎቹ እንደተዘጉ በፀሐይ ብርሃን ወደ ስኳር ይለወጣል። ለጋውን የበለስ ቅጠል አብስለው የሚበሉ ሜክሲኳውያን በማለዳ የተቆረጠው ከቀትር በኋላ ከተቆረጠው ይልቅ እንደሚኮመጥጥ የሚያውቁት ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ምልክቱ ላይ ያለው ቃል ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ጎደሎ ነው ማለቴ ነው። አዲስ የተተከለ ችግኝ ድርቅን አይቋቋምም። ሥሩ ገና በችግኝ ፕላስቲኩ ቅርጽ ላይ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ደረቅ ወቅት በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከማለዳ በፊት ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ በሁለት ውሃዎች መካከልም አፈሩ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። ከዚያ በኋላ በጠረፉ አጠገብ ላለ ግቢ የሰማዩ ዝናብ ይበቃዋል። ልዩነት የማደርገው ዝናቡ ጨርሶ በቀረበት ዓመት ነው፤ ያኔም የማጠጣው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ፣ ዝናብ ይጥልበት በነበረው ጊዜ፣ የጎደለውን ለመሙላት ያህል ነው። ከጠረፉ ርቀው ሙቀቱ በሚያይልባቸው እንደ ኤል ካሆን ባሉ ቦታዎች ለሚኖሩ በደረቁ ወራት በወር አንድ ጊዜ መስጠት ጉዳት አያመጣም፣ አፈሩ ውሃ የማይቋጥር ከሆነ። የጠብታ መስኖ ከአበቦች ጋር በአንድ መስመር ላይ ማገናኘት ግን በፍጹም አይገባም፤ አበባው የሚፈልገው ውሃ ለዚህ ተክል መርዝ ነው።

አተካከሉ ቀላል ስለሆነ ብዙ አልናገርም። ተዳፋት ከተገኘ ተዳፋት፣ ካልተገኘ ደግሞ አፈርን በጠጠር ደባልቆ ጉብታ መሥራት ይበቃል። ኮምፖስትም ሆነ ማዳበሪያ አያስፈልገውም። ከዕንጨት ፍቅፋቂ ይልቅ ጠጠር ጉዝጓዝ ይስማማዋል፤ ፍቅፋቂው በግንዱ ሥር እርጥበት ይይዛልና። ችግኝ መግዛት ያልፈለገ ሰው ፈቃደኛ ከሆነ ጎረቤት አንድ ቅጠል ከመገጣጠሚያው ላይ ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ አቆይቶ፣ ሲሶውን ያህል በአፈር ቀብሮ ሊተክለው ይችላል። ሥር እስኪይዝ ድረስ ውሃ አለመስጠት ነው ዋናው። በዘር ማባዛት ይቻላል፤ ለመጠበቅ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቅጠል እያለ ዘር የሚተክልበት ምክንያት አይታየኝም። የባሕር ጨው ያዘለ ነፋስ ሌሎች ተክሎችን ሲያቃጥል ይህን አያሰጋውም፤ ቀላል ውርጭንም ይችላል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስደስተው የሜይና የጁን አበባው ነው። አበባው ቢጫ ነው፣ አንዳንዱም ከሥሩ ወደ ቀይ ይላል፤ አንዱ አበባ ከአንድ ቀን ብዙም አይቆይም፤ ሲጠወልግም ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል። በመካከሉ ያሉትን የወንዴ ክሮች በጣት ጫፍ ወይም በእርሳስ ለስለስ አድርጎ መንካት ነው፤ ክሮቹ በሰከንዶች ውስጥ ወደ መካከል እየታጠፉ ሴቴውን ዘንግ ይከባሉ። ንብ ስትገባም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ለምግብ ፍለጋ ወደ ታች ስትሰርግ ክሮቹ ላይዋ ላይ ስለሚታጠፉ በዱቄቱ ተለውሳ ትወጣለች። በአበባው ላይ የሚመላለሱት የቤት ንቦች ብቻ አይደሉም፤ ዲያዴዢያ የተባሉት፣ ብቻቸውን በመሬት ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ የካክተስ ንቦችም ይመጣሉ። ለዚህ ወር ብቻ ሲባል ተክሉን የሚያቆይ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ፍሬው ቀይ ሐምራዊ ነው። ይበላል፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ኩሜያይ ከጥንት ጀምሮ ተመግበውታል። ይሁንና በትልቁ በለስ ጣዕም የለመደ ሰው ብዙ እንዳይጠብቅ፤ ትንሽ ነው፣ ዘሩ ይበዛል፣ ጣፋጭነቱም ያንሳል። ጭማቂው ግን ቀለሙ ድንቅ ነው፤ ልብስ ላይ ካረፈም ልቀቀኝ ቢሉት አይለቅም። ለፍሬ ብሎ ለሚገዛ ትልቁን በለስ ይግዛ፤ ይህኛውን ለወፎች ቢተውለት ይሻላል፤ ሞኪንግበርድ የተባሉት ወፎች የበሰለውን ከላዩ ቀደው ውስጡን ባዶ ያደርጉታል።

ወደ ጉድለቶቹ ስመጣ፣ ትልቁ ጉድለት የሚታየው ረጅሙ እሾህ አይደለም። ረጅሙን እሾህ ሰው አይቶ ይርቀዋል። አደገኞቹ በእያንዳንዱ የእሾህ ነጥብ ሥር ተሰባስበው የሚገኙት፣ ጸጉር የሚያህሉትና በጫፋቸው እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የተሳሉ ደቃቅ እሾሆች ናቸው። ቅጠሉን ገና ሲነኩት በብዛት ይለቃሉ፤ ከቆዳ ሥር ይገባሉ፤ ዓይን ለማየት ይቸገራል፤ ጣት ግን ለቀናት ያውቃቸዋል። የቆዳ ጓንት አያድንም፤ እንዲያውም ጓንቱ ውስጥ ተሰክተው በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሥራ ላይ ይወጉታል። ቅጠል ማንሣት ካስፈለገ ረጅም የኩሽና መቆንጠጫ ወይም ብዙ ጊዜ የታጠፈ ጋዜጣ መጠቀም ይገባል። ከተወጉ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየውን በወረንጦ መልቀም፣ ከዚያም ቦታውን ነጭ የወረቀት ሙጫ ቀብቶ በላዩ ላይ ስስ ፋሻ አንጥፎ ሙጫው ሲደርቅ መላጥ ነው፤ የቀሩት አብዛኞቹ ከፋሻው ጋር ይወጣሉ። ማሸት ይበልጥ ያስገባቸዋል። ትንሽ ልጅ ወይም በየጥሻው የሚገባ ውሻ ያለበት ቤት ይህን ተክል ከመተላለፊያ ሁለት ሜትር ያህል ካላራቀው ባይተክለው ይሻለዋል።

ሁለተኛው ጉድለት አረም ነው፤ ስለዚህ ማንም ሻጭ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። በዝናቡ ወራት የባዕድ አገር ሣሮች፣ በተለይ የዱር አጃ፣ በቁጥቋጦው መካከል ይበቅላሉ፤ እጅ ስለማይገባም አይነቀሉም። በጁን ሲደርቁ ተክሉ በገለባ ተሞልቶ ይቀራል። በእሳት ጊዜ የሚያቃጥለውም ይኸው ገለባ ነው። ቅጠሉ ራሱ ውሃ የቋጠረ ስለሆነ በቀላሉ አይነድም፤ አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ ካክተስ የእሳት አጥር ነው ይላል፤ ሣር ከተጠላለፈበት ግን አይደለም። በ2003 የሲዳር፣ በ2007 ደግሞ የዊች እሳት በሳን ዲዬጎ አውራጃ ሰፊ የካክተስ ቁጥቋጦ አውድመዋል፤ የተቃጠለው ቁጥቋጦ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል። የካሊፎርኒያ ሕግ በእሳት አደጋ ቀጠና ባሉ ቤቶች ዙሪያ እስከ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል፣ ተቀጣጣይ ነገር እንዲጸዳ ያዛል፤ ካክተስ ተክያለሁ ማለት ከዚህ ግዴታ አያወጣም። መፍትሔው ከመትከል በፊት ነው፦ አንድ የዝናብ ወቅት ጠብቆ አረሙ ሲበቅል መንቀል፣ ከዚያም ጠጠር አንጥፎ መትከል። ተክሉ ከሰፋ በኋላ የሚገኘው መፍትሔ ሁሉ ደም ያስከፍላል።

ተባይን በተመለከተ፣ ቅጠሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ ኮቺኒል የተባለችው ነፍሳት ናት። በዕንጨት ብትጨፈለቅ ደማቅ ቀይ ቀለም ትተፋለች፤ ጥንት ለልብስ ማቅለሚያ የተሸጠው ቀለም ይኸው ነው። ኮቺኒል በትግራይ በለስ ላይ ያደረሰችውን ጥፋት የሰማ አንባቢ መደንገጡ አይቀርም፤ እዚህ ግን ነፍሳቷም ተክሉም የሚበሏት ጥንዚዛዎችም አብረው የኖሩ ስለሆኑ ጉዳቷ ብዙ ጊዜ መጠነኛ ነው። በውሃ ጎማ ኃይለኛ ርጭት ማጠብ ይበቃል፣ ከተደጋገመም የሳሙና ውሃ መርጨት ይቻላል። ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ የገረጡ ነጥቦች ከታዩ ደግሞ የካክተስ ትኋን ናት፤ መልክ ያበላሻል እንጂ አይገድልም። የዱር አይጦች ቅጠሉን ሊበሉ፣ ስብርባሪውንም ሰብስበው በቁጥቋጦው ሥር ጎጆ ሊሠሩበት ይችላሉ። ይህ ለቤቱ ባለቤት ጉዳት ቢመስልም ለተክሉ የተለመደ ጉርብትና ነው።

ይህን ተክል በችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች አፍ ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የካክተስ ሬን ወፍ ናት። በዩናይትድ ስቴትስ ካሉት የሬን ዝርያዎች ትልቋ ስትሆን፣ በረሃ ውስጥ በብዛት ትገኛለች፤ በጠረፉ ላይ የምትኖረው ግን መኖሪያዋ በቤት ግንባታና በእሳት ስለተመናመነ እየቀነሰች ነው። ጎጆዋን ጣሪያ አበጅታ፣ በሩን በጎን አድርጋ የምትሠራው በበለስና በቾያ ካክተስ እሾህ መካከል ነው፤ የምትመርጠውም አንድ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የቆመውን ነው። የሳን ዲዬጎ የዱር እንስሳት መካነ አራዊት ድርጅት በሳን ፓስኳል ሸለቆ ለእርሷ ሲባል ካክተስ አባዝቶ ተክሏል። ነገር ግን ጓሮ ውስጥ አንድ ቁጥቋጦ የተከለ ሰው ወፏ ትመጣለች ብሎ እንዲጠብቅ ማድረግ ትክክል አይመስለኝም። እኔ ዘንድ አልመጣችም፤ በአቅራቢያው ሰፊ የተፈጥሮ ቁጥቋጦ ከሌለ የመምጣቷ ዕድል ጠባብ ነው። ከሸለቆ ወይም ከተጠበቀ መሬት ጋር የሚዋሰን ግቢ ያለው ሰው ግን ነገሩን በቁም ነገር ሊያስብበት ይገባል፤ ያኔ አንድ ብቻ ሳይሆን ተጠጋግተው የሚተከሉ ብዙ ችግኞች ያስፈልጋሉ።

ከጠረፉ ሌሎች ካክተሶች ጋር ሳነጻጽረው፣ ለትንሽ ግቢ የምመርጠው በርሜል ቅርጽ ያለውን ፌሮካክተስ ቪሪደሴንስ ነው። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቢጫ አረንጓዴ አበባ ያወጣል፤ በማስቀመጫም ይኖራል፤ እድገቱ ግን እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ ዋጋው ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም። ወርቃማ እሾህ የለበሰው ቤርጌሮካክተስ ኤሞሪይ በጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ሲበራበት ከሁሉም የሚያምረው እርሱ ነው፤ በዝርያ ወገኑ ውስጥ ብቸኛ ነው፤ ገበያ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። የጠረፍ ቾያን ለማንም አልመክርም። ሮዝ አበባው ደስ ቢልም፣ ክፍልፋዮቹ ገና ሲጠጉት ተገንጥለው ልብስና ሥጋ ላይ ይሰካሉ፤ የወደቀው ሁሉ ሥር ይሰዳል።

እነዚህን ሁሉ ከተፈጥሮ ቦታ ነቅሎ ማምጣት ሕገወጥ መሆኑን ላስታውስ። የካሊፎርኒያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 384ኤ ከሕዝብ መሬትም ሆነ ከሌላ ሰው መሬት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ተክል መንቀልን ይከለክላል፤ የወደቀች አንዲት ቅጠል ናት ብሎ ከፖይንት ሎማ ኮረብታ አንሥቶ መሄድም ምክንያት አይሆንም። በተለይ በርሜሉ ካክተስ በዚህ ዓይነት ስርቆት የተጎዳ ስለሆነ፣ መንገድ ዳር ትልልቁን በርካሽ ከሚሸጥ ሰው ከየት እንዳመጣው ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም።

ስለ ዋጋ፣ የዳርቻውን በለስ በ1 ጋሎን ፕላስቲክ 15 ዶላር አካባቢ ነው የገዛሁት። ባለ 5 ጋሎኑ ከእጥፍ በላይ ያስከፍላል፤ ልዩነቱን የሚያዋጣ ግን አይደለም፤ ትንሹ ሥሩን በቶሎ ስለሚዘረጋ ከጥቂት የዝናብ ወቅቶች በኋላ ይደርስበታል፤ ለመሸከምም ለመትከልም ትልቁ የሚያደርሰው የእሾህ ጣጣ ሦስት እጥፍ ነው። ሲገዙ ከቅጠሉ ይልቅ ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ማየት ይበጃል። ቡኒና ጠንካራ ከሆነ የዕድሜ ምልክት ነው፤ ጠቆር ብሎ የረጠበና በዕንጨት ሲነካ የሚሰረጉድ ከሆነ መበስበስ ጀምሯል። ፕላስቲኩን አንሥቶ ክብደቱን መገመትም ጥሩ ነው፤ በጁላይ ከባድና እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ችግኝ ጣቢያው ከሌሎች አበቦች ጋር በየቀኑ እያጠጣው ነው ማለት ነው፤ ያንን ትቶ ከዳር፣ ከደረቀው ረድፍ፣ ትንሽ የተሸበሸበውን መምረጥ ይሻላል። መትከያው ጊዜ ሙቀቱ ሲበርድና ዝናቡ ሲቃረብ፣ በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር ነው፤ በደረቁ ወራት በቅናሽ ያገኘ ሰውም በግማሽ ጥላ ሥር በፕላስቲኩ እንዳለ አቆይቶ እስከዚያ ቢታገሥ ተክሉ ምንም አይሆንም።